አፉ የተቆረጠው ጠመንጃና የማይሰበረው ሸክላ

ደብረ ታቦር ውስጥ ስለዚህ ነገር ሦስት ዓይነት ወሬ አለ። ሦስቱንም ያስወራው ቢምረው ነው። በአንደኛው ወሬ እኔ አብጃለሁ፤ በሁለተኛው ሰክሬያለሁ፤ በሦስተኛው ደግሞ የሟች ባሌን ጠመንጃ ይዤ ሰው ላይ ተኩሻለሁ። የተኮስኩት ሳህን ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ስሜን ለማጥራት አይደለም፤ ስሜ ደህና ነው። የሌላ ሰው ስም ለማጥራትም አይደለም። ነገሩ እንደነበረው ይታወቅና ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ይሂድ ብዬ ነው።

ቢምረው ዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። ሌላው ሰው መብላት ወይም መተኛት እንደሚወደው እሱ መዋስ ይወዳል። ባሌ በሕይወት ሳለ ኮርቻ ተዋሰ፤ ኮርቻው እስከ ዛሬ የእሱ በቅሎ ጀርባ ላይ ነው። ቀፎ ተዋሰ፤ ንቦቹ ምን ያድርጉ፣ እዚያው ለመዱ። የዝናብ ካፖርት ተዋሰ፤ ካፖርቱን ለብሶ ለቅሶ ሊደርሰን መጣ። ከተዋሰው ሁሉ የመለሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ የብረት መጋዝ፣ አንዱ ጠመንጃ። መጋዙ ጥርሱ አልቆ፣ ጠመንጃው አጥሮ።

ስለ ጠመንጃው ትንሽ ልንገራችሁ። እንደ ክላሽ አንዲት ጥይት የሚተፋ አይደለም። ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው፤ ከአንዱ ጥይት ውስጥ ብዙ የእርሳስ ፍሬ ይበትናል። ባሌ በእብናት በኩል ቆላ ወርዶ ጅግራና ቆቅ ያድንበት ነበር። ፈቃድ አለው፤ የሚጠይቅ ካለ አሳያለሁ። ቢምረው ለዘመድ ሠርግ ብሎ ወሰደውና ከርሞ ከርሞ ሲመልሰው ባሌ አልጋ ላይ ነበር፤ ከዚያ አልጋ ሳይነሣም ቀረ። ዕቃው መመለሱን ሲሰማ «እስቲ ልየው» አለ። ሰደፉን ሆዱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ልማዱ ጫፉን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እጁ ባዶ አየር ጨበጠ።

«ይሄ ነገር አጥሯል» አለ።

«ሕመሙ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለ ቢምረው። «ሕመም ዓይን ያሳስታል።»

ባሌ ዓይኑን አሻሸ፤ እንደገና አየ። ከዚያ በኋላ በቀሩት ቀናት ዓይኑን እንደተጠራጠረ ነበር። በሩ ላይ የቆምኩትን «አንቺ ነሽ?» ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔ ግን ደህና አድርጌ አይቻለሁ። ጫፉ ተቆርጦ፣ በሞረድ ለስልሶ፣ ብረቱ አዲስ እንዳይመስል ጥቀርሻ ተቀብቷል። አፈሙዙ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ሲተኩስ ጫፉ መተርተሩን በኋላ ሰማሁ። የተቆረጠው አንድ ክንድ የት እንደደረሰም አውቃለሁ፤ በየወሩ አየው ነበር። ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ቸኩዬ አላውቅም።

እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአገራችን ተኩስ ሲሰማ «ማን አገባ?» ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ቢምረው ወንድ ልጁን ሊድር ሆነ። አንድ ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ መጣ። የባሌን ካፖርት ማለቴ ነው።

«እታለም፣ የወንድሜን ጠመንጃ እንዲሰጡኝ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ።

«ልትዋሰው ነው?»

«መዋስማ አይደለም። የዘር ዕቃ ነው፤ ወንድ ያለበት ቤት ይቀመጥ ብለን ነው። አንቱ ቤት እንደ ዘነዘና ተሰቅሎ ምን ይሠራል?»

«ብለን? አንተና ማን?»

«እኔና ዘመድ።»

«ዘመድ ውጭ ቆሟል? በረደው እኮ፣ ግባ በለው።»

የቆመ ዘመድ አልነበረም። በማግሥቱ ግን የነፍስ አባታችንን ይዞ መጣ። የእኔም የእሱም ንስሐ አባት አንድ ናቸው። ይህ ለእሳቸው ምን ያህል መከራ እንደሆነ የምረዳው እኔ ነኝ፤ የእሱን ኃጢአት ከእሱም ይሰሙታል፣ ከእኔም ይሰሙታል።

እሳቸው ብዙ ነገር ዳኝተው የሰለቹ ሰው ናቸው። የሁለታችንን ቃል ከሰሙ በኋላ «ጠመንጃ የሚያውቅበት ሰው ዘንድ ይቀመጣል» አሉ። «ለሠርጉ ዒላማ መተከሉ አይቀርም። ሁለታችሁም ተኩሱ፤ ያሸነፈ ይውሰድ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር ደጄን የሚረግጥ እንዳላይ።» እኔ እንደማፍርና እንደምተወው ነበር የገመቱት። ቢምረውም ፈገግ ብሎ ነበር። ከማግባቴ በፊት ግን የአባቴን ማሽላ ከዝንጀሮ የጠበቅሁት በጸሎት አልነበረም። «እሺ» አልኩ። የቢምረው ፈገግታ እዚያው ፊቱ ላይ ባለቤት አጥቶ ቀረ።

ነገሩን ያወሳሰበችው የእህቴ ልጅ ትርንጎ ናት። ከዓረብ አገር ተመልሳ እኔ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ዒላማው በልማዳችን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ እንቁላል መሆኑን ስትሰማ ከጓዳ ብቅ ብላ ሳቀች።

«በዚህ ጠመንጃ እንቁላል? ፍሬ የሚበትን እኮ ነው! አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመቱታል፤ አያ ቢምረውም ቢሆን ይመታዋል። በዚህ መወዳደር ከተፈለገ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ተወርውሮ አየር ላይ መሰበር አለበት። የዓረብ አገሩ አሠሪዬ በየሳምንቱ በረሃ ወጥቶ ይህንኑ ነበር የሚያደርግ። እኔ ሻይና ጥይት አቀብል ነበር።»

«ዝም ብሎ ሳህን መስበር?» አሉ የነፍስ አባታችን።

«አዎ፣ አባ።»

«ተመግበውበት?»

«ኧረ አይደለም፣ አዲሱን!»

«ሀብት ክፉ ነው» አሉና ተስማሙ። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሳህን ሊወረወር፣ ብዙ የሰበረ ሊያሸንፍ ተቆረጠ። ቢምረው በደስታ ተቀበለ፤ የሚበር ነገር መምታት ለአሮጊት የማይሆን መስሎታል።

ሲወጡ ትርንጎ ጠመንጃውን አወረደች፤ ከማጠፊያው ላይ አጥፋ ከፍታ ጥይት አለመኖሩን አየችና በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን አጮለቀች።

«አክስቴ፣ የዚህ ጥበቱ የታለ?»

«የምን ጥበት?»

«አፈሙዝ ጫፉ ላይ ትንሽ መጥበብ አለበት። የውኃ ቱቦ አፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ውኃው ተሰብስቦ ሩቅ አይደርስም? እንደዚያ ነው። አፉ የጠበበ እንደሆነ ፍሬው ተጠጋግቶ ሩቅ ይሄዳል። ሰፊ እንደሆነ ቶሎ ይበተናል። አሠሪዬ ጠመንጃው ጫፍ ላይ የሚጠልቁ ቀለበቶች ነበሩት፤ ለቅርቡ ሰፊውን፣ ለሩቁ ጠባቡን እየቀያየረ ነበር የሚያስገባ። የዚህኛው ግን ጥበቱ ከነጫፉ ሄዷል።»

«ሄዷል» አልኩ።

መሞከር ነበረብን። አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ከጓሮዬ አጥር ላይ ሰቀልን። ቀረብ ብዬ ስተኩስ ከረጢቱ ወንፊት ሆነ። ራቅ ብዬ ስተኩስ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ቀዳዳ ብቻ ተገኘ፤ በመካከሉ ፍየል ከነልጆቿ ታልፋለች። የቀሩት ፍሬዎች የጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ አረፉ። ይህች ጎረቤቴ የጣሪያዋን ውኃ ወደ እኔ ግቢ ማፍሰስ ከጀመረች የቆየች ናት። ሆን ብዬ አይደለም የመታሁባት። በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው በእሷው ሳሎን መውረዱን ስሰማ ግን ያዘንኩ መስዬ መታየት አቅቶኛል።

ትከሻዬ ጠቁሮ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬን አጥብቄ ተከናነብኩ። ውሳኔያችን ግን ግልጽ ሆነ፤ የኛ ጠመንጃ ለቅርብ ነው። ሳህኑ ሩቅ ከተወረወረ አበቃልን።

ቢምረው በበኩሉ ከእብናት ከአንድ ወዳጁ ጠመንጃ ተዋሰ። ሌላ ምን ያደርጋል? ባለአንድ አፈሙዝ ሆኖ፣ ሰደፉን መሬት ሲያስነኩት ጫፉ አገጩን ያልፋል። ከተማውን በዚያ ጠመንጃ ዞረ። «ርዝመቱን አያችሁ? ጥይቱ ግማሹን መንገድ ውስጡ ሳለ ነው የሚጨርሰው» ይል ነበር። ትርንጎ ገበያ ላይ ጠጋ ብላ አፉን አየችና ደስ ብሏት ተመለሰች። አፉ ጠባብ ነው፤ ፍሬው እንደ ጭብጥ ተሰብስቦ ነው የሚወጣው። ለሩቅ እንደዚያ ያለ የለም፤ ቅርብ ለሚበር ነገር ግን በትክክል ካልደረሰበት አለቀ። ርዝመቱ ደግሞ ከበደው፤ ጠመንጃውን ወደ ጎን ለማዞር ሲሞክር የጋሳይን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወጣ ከባድ መኪና ይመስላል።

በርቀቱ ላይ ተከራከርን። እሱ ከወዲያኛው ጥድ ይወርወር አለ፣ እኔ ከአፍንጫዬ ሥር አልኩ። የነፍስ አባታችን መካከሉን ፈረዱ፤ ለማንም የማይመች ስለሆነ ፍትሐዊ ነው አሉ። ወርዋሪውም በእምነት ማጣት ተመረጠ፤ የእኔን ሳህን ቢምረው፣ የእሱን ትርንጎ እንድትወረውር።

«ሳህኑንማ እታለም ይግዙት» አለ ቢምረው።

ይኸውላችሁ። የጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

ሸክላ ገበያ ወርጄ ከሸክላ ሠሪዋ ፊት ቁጭ አልኩ። ትርንጎ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ሄዳ አብራኝ አልነበረችም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሸክላ የምመርጠው በአንድ መንገድ ነው። በጣቴ አጥንት አንኳኩቼ ጆሮዬን አቀርባለሁ። እንደ ደወል ከጮኸ ይገዛል፤ ደንቆሮ ድምፅ ካወጣ ስንጥቅ አለበት፣ ይተዋል። እናቴም እንዲህ ነበር የምትገዛው፤ ሌላ መንገድ መኖሩን አስቤውም አላውቅ። አንኳኳሁ፤ አዳመጥኩ፤ መለስኩ፤ ሌላ አነሣሁ።

«እሜቴ፣ ይቺን ይያዙ» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «ሁለት ጊዜ እሳት ላይ ነው የተኮስኳት። ከእጅዎ ብትወድቅ እንኳ አትሰበር።»

«እሷን ስጪኝ» አልኩ። «እህቶቿም ካሉ ጨምሪ።»

ሦስቱን ምርጥ ለራሴ ያዝኩ። ለቢምረው ደግሞ ከጥግ የተጣሉትን፣ ሲነኩ ቧ የሚሉትን፣ ጠርዛቸው ላይ ክር የመሰለ ስንጥቅ ያለባቸውን ሦስት አነሣሁ። ጥሩ ዕቃ ለሱ ለምን ይጥፋ? «እነዚያስ ለምንም አይሆኑ» አለችኝ ሴትዮዋ። «ለሚሆነው ሰው ነው» አልኳትና የእኔን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የእሱን ዘንቢል ውስጥ እንዲጋጩ ትቼ ቤቴ ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በግዢ ረክቼ አላውቅም።

ውድድሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በጋሳይ መንገድ፣ ከፊቱ ገደል እንጂ ሰውም ከብትም በሌለበት ሜዳ ላይ ሆነ። ከጉና በኩል ብርዱ ይነፍሳል። የሙሽራው ወገን በሙሉ መጥቷል፤ የእኔ ወገን ትርንጎ ናት።

ቢምረው ቀደመ። ያን ረጅም ጠመንጃ ደገነ። ትርንጎ ሳህኑን ይዛ፣ እንዳይመታው ብላ ወደ ጎን ያላትን ጉልበት ሁሉ ሰጠችው፤ ዓረብ አገር የዋለችበት ሁሉ በዚያ ክንድ ውስጥ ነበር። ሳህኑ ከእጇ እንደወጣ አየር ላይ በስንጥቁ በኩል ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ የቢምረው ጠመንጃ ጮኸ።

እልልታው ቀለጠ።

«ኧረ መጀመሪያ ተሰብሮ ነው የተኮሰ!» አልኩ።

«የድምፅ ነገር ነው፣ እታለም» አለ ቢምረው። «አፈሙዙ ረጅም ነው። ድምፁ እስኪወጣ ይቆያል።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባቸው መሰለኝ።

የእኔ ተራ ሆነ። ቢምረው ሳህኔን አጣምሞ ወረወረው። ተከተልኩትና ቃታውን ሳብኩ። ሜዳው ላይ የጠራ ድምፅ ተሰማ፤ ልክ እንደ ቅዳሴ ደወል። ሳህኑ አየር ላይ ተገለበጠ፣ ሣሩ ላይ ወረደ፣ ቁጭ አለ። ከሙሽራው ወገን አንዱ ሮጦ አነሣው። ሙሉ ነው። ወጥ ቢጨምሩበት ይበላበታል።

«መትቼዋለሁ! ሲጮኽ አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል ልጄ» አሉ የነፍስ አባታችን። «ውላችን ግን መስበር ነው።»

ትርንጎ ሳህኑን ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ አየችኝ።

«አክስቴ፣ ሸክላውን ሲገዙ አንኳኩተው ነው እንዴ?»

«ታዲያ ሳላንኳኳ ልገዛ ኖሯል?»

«እዚያ እኮ ሆን ተብሎ እንዲሰበር ነው የሚሠራ! ገና ሲነኩት ዱቄት የሚሆን!»

እንዲህ ያለ ሸክላ የሚሠራበት አገር መኖሩን የነገረኝ አልነበረም። ያን ጊዜ ዘንቢሉ ውስጥ የቀሩትን የቢምረውን ስንጥቅ ሳህኖች አየሁ፤ ለዚህ ጨዋታ የሚሆነውን ሸክላ ለእሱ ነበር የገዛሁት።

ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። የእሱ አየር ላይ ፈረሰ፣ ጥይቱ ኋላ ደረሰ። የእኔ ተመታ፣ ጮኸ፣ ወረደ። ሦስተኛውን ትርንጎ ቀስ ብላ ልትወረውር አሰበች፤ ስታነሣው ግን ገና እጇ ላይ ብትንትን አለ። ቢምረው ተኮሰ።

«ቢምረው፣ ይሄስ እጇ ላይ ነው የተሰበረ» አሉ የነፍስ አባታችን።

«ሳነጣጥርበት ፈርቶ ነው፣ አባ።»

እኔ በመጨረሻው ሳህን ሁለቱንም ቃታ አንድ ላይ ሳብኩ። ጠመንጃው መሬት ላይ አስቀመጠኝ። ሳህኑ እንደ ወፍ ተንጫጭቶ አለት ላይ ወደቀ። ፍንካች ተነሣ። ከሳህኑ አልነበረም፤ ከአለቱ ነው።

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን እያሻሹ ቆዩ። «በውሉ መሠረት ቢምረው አሸንፏል» አሉ። ቢምረው መጣና ጠመንጃዬን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ከመሬት ሳልነሣ ሰደፉን ጨበጥኩ። ኮርቻውን፣ ቀፎውን፣ ካፖርቱን አሰብኩ። ከባሌ ዕቃ ቤቴ ውስጥ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነበር። ከዕቃው ይልቅ ግን ያቺ ባዶ አየር የጨበጠች እጅ ነበረች ትዝ ያለችኝ።

«ይውሰድ» አልኩ። «ግን የባሌ ጠመንጃ ነው ያላችሁት። ሙሉውን ይውሰድ። የጎደለውን አምጥቶ ይግጠምና ይውሰድ።»

«ምን ጎደለው?» አሉ የነፍስ አባታችን።

«አንድ ክንድ ጎደለው፣ አባ። ቢምረው በየወሩ ወደ ማኅበራችን የሚያመጣትን፣ ጧፉ የሚቆምባትን ባለሁለት አፍ ብረት ከቤቱ ያስመጡልኝ።»

ቢምረው ሳል ያዘው። የነፍስ አባታችን ደግሞ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ያቺን መቅረዝ በእጃቸው የባረኳት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህም በእሷ ብርሃን ስንት ጊዜ ጸሎት አድርሰዋል። ሙሽራው ራሱ፣ ምንም የማያውቅ ልጅ፣ ሮጦ ሄዶ አመጣት። በሰም ተለብዳለች። ትርንጎ ሰሙን በቢላ ፋቀችና ቁራጩን ከጠመንጃው ጫፍ አስጠጋችው። ቢምረው በሞረድ ያለሰለሰው በኛ በኩል ያለውን ጠርዝ ብቻ ነበር፤ ቁርጡ ግን መጋዙ ጥርሱ ሲያልቅ ወደ ግራ የሸሸ ጠማማ ነበርና ጠማማው ከጠማማው፣ ሁለቱ ቀዳዳ ከሁለቱ ቀዳዳ ገጠመ። የቁራጩ ጫፍ እንደ ቆሎ ፈንድቷል። ትርንጎ ወደ ውስጥ አየችና «ጥበቱ ይኸውና፣ እዚህ ነው ያለው» አለች።

 ወደ ቢምረው ዞርኩ።

«ባሌ ዓይኑ ደህና ነበር» አልኩ።

 የነፍስ አባታችን ቁራጩን አንሥተው ቢምረው እጅ ላይ አደረጉ። «አንተ ድርሻህን ቀድመህ ወስደሃል» አሉ። «ጠመንጃው ከተከፈለ ቆይቷል። የቀረው የእሷ ነው።»

ልጁ በዚያ በተዋሱት ረጅም ጠመንጃ ተዳረ። ቢምረው ከሜዳው ስንመለስ ከኋላዬ ደረሰ፤ ድምፁ ቀንሶ ነበር።

«እታለም፣ እስከ ዛሬ ያውቁ ኖሯል?»

«በየወሩ ጧፍ ስለኩስባት ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሕመም መስሎኝ ነዋ። ሕመም ዓይን ያሳስታል።»

ጠመንጃው አሁን በቦታው ተሰቅሏል። ሦስቱ ሳህኖችም አሉ፤ አንዳቸውም አልተሰነጠቁም። በውጭ ጎናቸው እርሳሱ የተወው ነጠብጣብ አለ፤ ብዙ ነው፣ አፉ ሰፊ ነበራ። ቢምረው ለመዋስ መምጣቱን አልተወም፤ ሲመጣ ቆሎ በአንዷ ሳህን አቀርብለታለሁ፣ ነጠብጣቡ እንዲታየው ያን ጎኗን ወደሱ አዙሬ። ባለፈው ቆሎውን ጨርሶ ሳህኗን በጣቱ አንኳኳት፤ ጮኸች።

«ጥሩ ሸክላ ናት» አለ። «ለበዓል ያውሱኛል?»

አዋስኩት። መቁረጥ ከቻለ ይሞክራት።